አባቴ የሰማው ብርሃን

እኔ ስናደድ ጠመኔ እሰብራለሁ። ተማሪዎቼ ያውቁታል፤ ጠመኔው ቀጭ ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ የሰበርሁትን አላህ ይቁጠረው። በሕይወቴ ከሁሉም በላይ የተናደድሁት ግን በተማሪ አይደለም፤ በገዛ አባቴ ነው። ዓይኑ ሊድን እየቻለ "አልታከምም" የሚል ሰው ፊት ተቀምጦ አለመናደድ ለመላእክት ነው፤ እኔ ደግሞ መልአክ አይደለሁም።

የአባቴን ዓይን ሞራ ነበር የለበሰው። መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን። ቀንና ሌሊት ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። ሐኪሙ "ይገፈፋል፤ ብዙ ግን አታቆዩት" ብሎ ደሴ እንድናመጣው ቀጠሮ ሰጠን። ቀጠሮው ሲደርስ ጦርነቱም ደረሰ። ውጫሌ ያለውን የወላጆቼን ቤት ቆልፈን፣ በአምባሰል ገደል ሥር ወደሚኖሩት የእናቴ ዘመዶች ሄድን። አባቴን እጁን ይዤ ነበር ቁልቁለቱን የማወርደው። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ መንገድ የለ። ስንመለስ ፍራሹም ዱቄቱም ቴሌቪዥኑም ተወስዷል፤ ቤቱ ግን ቆሟል። አልሐምዱሊላህ አልን። የቀጠሮው ወረቀት እናቴ መቀነት ውስጥ እንደታጠፈ ነበር፤ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል።

"አዲስ ቀጠሮ እናስይዝ" ስለው፣ "ምን ሊታይ?" አለኝ።

በቃ ይችን ብቻ። ስለምነው፣ ስቆጣ፣ ስሳደብ ሁሉ መልሱ ያችው ናት። ሐኪሙ "አታቆዩት" ያለውን እያሰብሁ፣ እያንዳንዱ ያለፈ ወር ከዓይኑ ላይ የተቀነሰ መስሎ ይሰማኝ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ቁጣዬም ከፍርሃቴ የመጣ ነው።

አባቴ የስልክ ሰው ነበር። ውጫሌ ስልክ ማለት አንድ ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አባቴ በነበሩበት ዘመን የከተማው ደስታና ኀዘን ሁሉ በእሱ ጆሮ ያልፍ ነበር። ከጅዳ የሚደወልለት ሰው በመልእክተኛ ይጠራና አግዳሚው ላይ ይጠብቃል። ሽቦ ሲበጠስ አባቴ ራሱ መሰላል ተሸክሞ ይወጣል። መርዶ ሲመጣ ደግሞ ሥርዓት ነበረው፤ መርዶው ለሚደርሰው ሰው በጭራሽ አይነግርም። ሰውየው መጥቶ ፊቱ ቢቆም እንኳ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ አውርቶ ይሸኘውና፣ ማታውን ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል። መርዶ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በወገን አፍ ነው የሚነገር። "በሽቦ መርዶ ተቀብዬ አውቃለሁ፤ በሽቦ መርዶ አውርቼ አላውቅም" ይል ነበር።

ሞባይል ሲመጣ አግዳሚው ባዶ ቀረ። አባቴ ጡረታ ወጣ፤ ኮረብታው ላይ የተተከለውን ታወር ግን እስከ መጨረሻው አልወደደውም። "ሽቦ ይታያል፤ ቢበጠስ ሄደሽ ትቀጥዪዋለሽ። ይኼ አየር ላይ ያለው ሲበጠስ የት ሄደሽ ነው የምትቀጥዪው?" ይላል። እኔም ፊዚክሴን ይዤ እሟገተዋለሁ።

ጦርነቱ መጣና ያ አየር ላይ ያለው ተበጠሰ፤ የሚቀጥለውም ጠፋ። በዚያው ሰሞን ኮምቦልቻ ይኖር የነበረው የአባቴ ታናሽ ወንድም ታሞ ሞተ። እኛ አልሰማንም። ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ስልኬ ቲው፣ ቲው እያለ የወራት መልእክት ዘነበበት። ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ብሎት ተሰበሰበ። አባቴም "እስቲ አንብቢልን" አለ። እኔ ሞኟ ከላይ ጀምሬ ጮክ ብዬ ማንበብ ያዝሁ። "እንዴት ናችሁ" አነበብሁ፣ "ደኅና ናችሁ ወይ" አነበብሁ፣ "አላህ ይዘንለት፤ ሠደቃውን እንደ አቅማችን አውጥተናል" ብዬም አነበብሁ። ማን እንደሞተ የገባኝ አፌ ቃሉን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአገሩን መርዶ ሁሉ በሥርዓት ሲያስነግር የኖረ ሰው የገዛ ወንድሙን መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ በልጁ አፍ፣ ከቲው ቲው መሐል ሰማ። አልጮኸም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጠራ ያዞራል፣ ስለ ዓይኑ ሲነሳም ያዞራል። ያን መልእክት ባላነበብሁት ኖሮ ያልሁበት ቀን ቁጥር የለውም።

ስለ ብርሃን ኢንተርኔት መጀመሪያ ያነበብሁት ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በለውጡ ሰሞን ነው። ያኔ አገሩ ሁሉ ተስፋ ጠግቦ ስልኩ ላይ የተደፋበት ጊዜ ነበር። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ዋይፋይ አስገባ፤ ሻይ ያዘዘ የይለፍ ቃሉ ይነገረዋል። ያላዘዘ ደግሞ ከጓደኛው ይቀበልና አጥሩን ተደግፎ በነፃ ይጠቀማል። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ከውስጡ ይበልጥ ነበር። እኔ ሻዬን ከፍዬ ተቀምጬ፣ አምፖል ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት እየደመቀና እየደበዘዘ ወሬ ሊልክ እንደሚችል አነበብሁ። ወላሂ ሻዬ ቀዘቀዘ። ለተማሪዎቼ አሳያለሁ ብዬ ስዘጋጅ ነገር ተበላሸ።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤት ስንመለስ ቤተ ሙከራው ባዶ ጠረጴዛ ሆኖ ጠበቀን። ዕቃ ቤቱን ስንፈትሽ ግን ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር የሚኒ ሚዲያው አሮጌ አምፕሊፋየርና ማይኩ ተገኙ። ማንም ስላልፈለጋቸው የተረፉ ናቸው። አገላብጬ አየኋቸውና ልቤ ዘለለ። የእጅ ባትሪ አለኝ፤ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ አለኝ፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ስፒከርም አለኝ። ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

ቅዳሜ በሚኒባስ ውጫሌ ሄጄ ለቤቱ አበሠርሁ። "ኢንተርኔት በመብራት ሊመጣ ነው" አልሁ።

ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታችን አብራን ተቀምጣ ነበር። ልጇ ቤሩት ናት፤ የኢንተርኔት ነገር ከሁላችንም በላይ ይገዳታል። "እሱማ ድሮም በመብራት ነው!" አለችኝ። "መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ተከትሎ ይሄድ የለ እንዴ?"

ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኛ አፍ መብራት ማለት አምፖሉም ነው፣ በሽቦ የሚመጣው ኃይልም ነው፤ በቀትር እንኳ "መብራት መጣ" እንላለን። ላርመው ብዬ "በብርሃን ማለቴ ነው" ስላት ደግሞ አማተበች። "የግሸኗ እመቤቴ! እንዲህ ያለው ብርሃን ለጻድቃን ነው እንጂ ለእኔ ዓይነቷ ሽንኩርት ሻጭ ነው?" እናቴ በበኩሏ በዐረብኛው "ኑር ማለቷ ይሆናል" ብላ ልትተረጉምልኝ ሞከረች። ጠመኔ ቢኖረኝ እሰብር ነበር።

በማግሥቱ ጎረቤታችን ስልኳን ይዛ እየተቆጣች መጣች። ለካስ ከንጋት ጀምራ ሶኬት ላይ ሰክታው ኖሯል። "ቻርጁ ሞልቷል፤ ኢንተርኔቱ ግን ጠብ አላለም! አንድ እንኳ አልገባም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

በአባቴ ፊት ነው የማለችው። እሷም ያለችው ሲገባት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። "ተይ እንጂ ልጄ፣ በዚህ መሐላ አትጫወቺ፤ እኔ ምዬበት ደርሶልኛል!" አላት። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እኔም አብሬ ስቄ ስቄ፣ መጨረሻው ዕንባ ሆነብኝ።

ሳቁ ጋብ ሲል ወደ እኔ ዞረ። "ቆይ፣ ይኼ የምትይው ነገር ሽቦ ነው ወይስ አየር?"

"ሁለቱንም አይደለም አባ። እስከ አምፖሉ ድረስ በሽቦ ይመጣል፤ ከአምፖሉ በኋላ በብርሃን ይወርዳል።"

"ግድግዳ ያልፋል?"

"አያልፍም።"

"ኪሴ ውስጥ ካስገባሁት ይጠራል?"

"ብርሃን ካልነካው አይጠራም።"

"ታዲያ ምኑን ስልክ ሆነ!" አለና እናቴን አሳቃት።

ተናድጄ ግሸንን አነሳሁበት። ለንግሥ ሕዝቡ ተራራው ላይ ሲሞላ ስልክ ሁሉ ድዳ ይሆናል፤ አንድ ታወር ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም፣ የሚደርስህ ፍርፋሪ ነው። በብርሃን ከሆነ ግን እያንዳንዱ አምፖል ለሥሩ ላሉት ብቻ ነው፤ የአንዱ ክፍል ሰው ብዛት የሌላውን አይነካም። ዋይፋይ አጥር ላይ የተደገፈ ሁሉ ይቀዳዋል፤ ብርሃን መጋረጃ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። የሽቦ ስልክ ታማኝ ነው ግን ከግድግዳው አይላቀቅም። ሞባይል የትም ይከተልሃል፣ ግን ሁሉም ሲሻማበት ይደክማል። አንዱ አንዱን ይተካል አላልሁም፤ አንዱ የሌላውን ሸክም ያቀልላል ነው ያልሁት። በጣም ስለፈጠንሁ የክፍል ውስጥ ድምፄ ወጥቶ ነበር።

አባቴ አዳመጠኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አላዞረም። "አምጪውና ልስማው" አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዕቃውን ሁሉ በጆንያ ጠቅልዬ መጣሁ። የሶላሩን ሰሌዳ ከስፒከሩ ጋር አገናኝቼ አባቴን አስያዝሁት፤ ሰሌዳው የሚቀበለውን የብርሃን ለውጥ ስፒከሩ ድምፅ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሳሎኑን አምፖል አበራሁ። ስፒከሩ "እምምም" አለ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አደረገ። "ይኼማ የመብራት ኃይል ነው! ድሮ የስልክ ሽቦ ከመብራት ሽቦ ጋር ሲጠጋ እንዲህ ነበር የሚያጉረመርም።" አጠፋሁት፤ ዝም አለ። ቴሌቪዥኑ ቢወሰድም ሪሞቱ ተርፎ ነበርና እሱን ወደ ሰሌዳው ቀስሬ ተጫንሁት። ትር ትር ትር አለ። "ይህም ብርሃን ነው፤ የእኛ ዓይን አያየውም እንጂ" አልሁት።

"እናንተም አታዩትም?"

"እኛም አናየውም።"

"እንግዲያው እኩል ነን" አለ፤ ድምፁ ውስጥ አንድ ነገር ሲለሰልስ ተሰማኝ።

ዋናውን ለማሳየት ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅሁ፤ የቀን ብርሃን ደካማውን የባትሪ ጨረር ይውጠዋልና። መግሪብ ተሰግዶ ግቢው ደብዘዝ ሲል ማይኩንና አምፕሊፋየሩን ከግቢው ማዶ ማድ ቤቱ በር ላይ አስቀምጬ ከእጅ ባትሪው ጋር አገናኘሁና ጨረሩን ወደ ሳሎኑ ደጃፍ አቀናሁ። እናቴን ማይኩን አስያዝኋት። "ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ አባ በአየር እንዳይሰማሽ" አልኋት።

"እኔ ለባትሪ የምነግረው የለኝም" አለች።

"ቁጠሪ በቃ፤ አንድ፣ ሁለት በይ።"

አባቴ ሳሎኑ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ሰሌዳው ጉልበቱ ላይ ነው። ስፒከሩን እኔ ከኋላው ቆሜ ያዝሁለት። ሰሌዳውን ቀስ እያለ ግራና ቀኝ አዟዟረው፣ ከፍ ዝቅ አደረገው፤ የተበጠሰ ሽቦ ጫፍ በጨለማ የሚፈልግበት እጁ ነበር። ድንገት ስፒከሩ "…አራት፣ አምስት…" አለ። አባቴ ደነገጠ። መዳፉን ሰሌዳው ላይ ጋረደ፤ ጠፋች። አነሳ፤ "…ስምንት…" አለች።

"ያ ረቢ!" አለ።

እናቴ ዘጠኝ ላይ ቆመች። ከዚያ ሌላ ድምፅ ይዛ መጣች።

"እየሰማኸኝ ከሆነ ስማኝ። ፊት ለፊት ስነግርህ ፊትህን ታዞርብኛለህ። አሁንም መስማት ካልፈለግህ ያን ነገር አዙረው፤ እኔ አላውቅብህም።"

እጁን አየሁት። ሰሌዳውን አላዞረም።

"ወንድምህን ሳትቀብር መቅረትህ ያንገበግባል፤ እኔንም አንገብግቦኛል። ልጅህ ያን መልእክት በማንበቧ እስከ ዛሬ እንደምታለቅስ ታውቃለህ? አታውቅም። ፊቷን አላየኸውማ። የእኔን ፊት ካየኸው ሁለት ክረምት አለፈ። አርጅቻለሁ። የፊት ጥርሴ ወልቋል። አንተ ልብ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እኮ እኔ አይደለሁም፤ እኔ እዚህ ማድ ቤቱ በር ላይ ያለሁት ነኝ። ይችኛዋን ሳታያት ከሞትህ፣ ወላሂ አልምርህም።"

ስፒከሩን እንደያዝሁ ዕንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል። እናቴ ይህን ሁሉ ማወቋን እኔም አላወቅሁም ነበር።

አባቴ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "መልሱን በምን ልላክላት?" አለኝ።

"አይቻልም አባ። በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሄደው፤ አንተ ጋ ማይክ የለም።"

"እንግዲያው በእግሬ እሄዳለሁ" አለና ብድግ አለ።

በትሩን ላቀብለው ስል ገፋው። ሰሌዳውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አድርጎ ግቢውን ተራመደ፤ እኔ ስፒከሩን ይዤ ገመዱ እንዳይበጠስ ከኋላው እከተላለሁ። እናቴ ሲመጣ አይታ "ኧረ ወዴት ነው አንተ ሰውዬ! ኧረ ድንጋዩ!" ትላለች፤ ድምፅዋም ከእጃችን ውስጥ ይወጣል። ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ድምፅዋ ይከሳል፤ እሱም ቆሞ ሰሌዳውን ያዟዙርና፣ ስትጎላ ወደዚያ ይራመዳል። አንድም ጊዜ እጁን አልያዝሁትም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ የምገልጽበት ቃል የለኝም፤ ክፍል ውስጥ ብሆን ጩኸቴ ሐይቁን ያሻግር ነበር።

ጫፍ ሲደርስ ድምፅዋ በጣም ጎላ። እጁን ዘረጋ፤ መጀመሪያ የባትሪውን ሙቀት ነካ፣ ከዚያ የእናቴን ጉንጭ።

"ወደ ደሴ መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሳ?" አላት።

ሰኞ ለተማሪዎቼ ሁሉንም አሳየኋቸው። የብርሃን ኢንተርኔት ሐይቅ ገና አልደረሰም፤ መቼ እንደሚደርስም አላውቅም፣ ዋሽቼ አልነገርኋቸውም። ግን ሰሌዳውን እየተቀባበሉ ድምፁን ሲፈልጉ አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ በሁለቱም በኩል እንዲናገር ማድረግ አንችልም?" ብላ ጠየቀችኝ። ባዶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለን መሣል ጀመርን። ያን ዕለት አንድም ጠመኔ አልሰበርሁም።

ደሴ የሄድነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ብንዘገይም እንዳልመሸበት ሐኪሙ ነገረን፤ በመጀመሪያ የቀኝ ዓይኑን ገፈፈለት። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳ እናቴ አልጋው ፊት ቆማ የወለቀው ጥርሷ እንዳይታይ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍናለች። አባቴ ዓይኑን ደጋግሞ አርገበገበ፣ አቀና፣ አየኋት የሚል ምልክት ግን አልሰጠም። እጁን አንሥቶ ሻሿን ቀስ ብሎ ከአፏ ላይ አወረደው።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "በል እንጂ፣ ምን ትላለህ?" አለችው።

ነርሷ ጣልቃ ገብታ "አባት፣ ለዛሬ ይበቃል፤ ዓይንዎን ይክደኑ" አለችው።

"ቆይ ልጄ" አላት፣ ከእናቴ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል። "ገና እያየሁ ነው።"